ክሩዘር ስትገዙ ኩርባውን አስቡ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአዲስ አበባ ዳር፣ በሱሉልታ መስመር ሞተር ሳይክል የምንጠግን ባለሙያዎች ነን። ክሩዘር፣ ማለትም ዝቅ ብሎ ረዘም ያለውን የሞተር ሳይክል ዓይነት፣ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ሲሲው (የሲሊንደሩ ይዘት) ስንት ነው? ድምፁስ? ሻጩም ሜዳ ላይ፣ ቀጥ ባለ አስፋልት ያስነዳዋል። በሳምንቱ ሰውየው ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ሲወጣ ወይም ከሽሮ ሜዳ እንጦጦን ሲያያዘው ሞተሩ አልታጠፍ ይለዋል። ከዚያ "ምን ሆኖብኝ ነው?" ብሎ ወደ እኛ ይመጣል። ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ ያልታሰበበት መንገዱ ነው።

የክሩዘር የፊት ሹካ፣ ማለትም የፊት ጎማውን የሚይዘው ክፍል፣ ወደ ፊት የተዘረጋ ነው፤ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀትም ረዘም ይላል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ይህ እርጋታ ይሰጣል፣ ጠባብ ኩርባ ላይ ግን ያው እርጋታ እልህ ይሆናል። የሆንዳ ሬብል 500 ሹካ ቀጥ ብሎ ከመቆም 28 ዲግሪ ተዘርግቷል፤ ከጎማ መሀል እስከ ጎማ መሀል 1,490 ሚሊ ሜትር ነው። የካዋሳኪ ቩልካን ኤስ 31 ዲግሪና 1,575 ሚሊ ሜትር፣ የሮያል ኤንፊልድ ሜቲዮር 350 ደግሞ 1,400 ሚሊ ሜትር ብቻ። ሬብልና ሜቲዮር 190 ኪሎ አካባቢ ይመዝናሉ፣ ቩልካን ኤስ ወደ 230 ይጠጋል፤ ትልልቆቹ የረጅም መንገድ ሃርሊዎች ከ350 ያልፋሉ። ለእንጦጦ ዓይነት መንገድ ከሬብልና ከሜቲዮር አንዱን ያዙ እንላለን። ለቀጥታ ረጅም መንገድ ከሆነ ቩልካን ኤስ ይሻላል።

ከሁሉ የሚረሳው ሞተሩ ምን ያህል ማዘንበል እንደሚችል ነው። ራዲየሱ 15 ሜትር የሆነ ኩርባ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲታጠፉት ሞተሩ 25 ዲግሪ ያህል ማዘንበል አለበት። ያንኑ ኩርባ በ40 ከገቡበት 40 ዲግሪ ይጠይቃል። ወፍራም ጎማ ያለው ሞተር ደግሞ ለዚያው ፍጥነት ከዚህም ትንሽ ይበልጥ ማዘንበል ይኖርበታል። እንደ ሃርሊ አይረን 883 ያለው ዝቅተኛ ክሩዘር 27 ዲግሪ ገደማ ላይ አስፋልት ይነካል። 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ጨምሮ የገባ ሰው ሞተሩ የማይችለውን ነው የጠየቀው።

መጀመሪያ የምትነካው ከእግር መርገጫው ሥር የተሰካችው ትንሽ ቡሎን ናት። መርገጫው ወደ ላይ ስለሚታጠፍ እሷ ማስጠንቀቂያ ብቻ ናት። ቀጥሎ የሚነካው ማርሚታው ወይም ሻንሲው ነው፤ እነዚህ ስለማይታጠፉ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንስተው ነጂውን ይጥሉታል። ያገለገለ ሞተር ልትገዙ ስትሄዱ ተንበርክካችሁ ከሥር እዩ። ቡሎኗ ተበልታ ካለቀች ወይም ተፈትታ ከወጣች፣ የማርሚታውም ሆድ በአንድ በኩል ተፍቆ ካገኛችሁት፣ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሲነዳ የኖረ ነው።

የኋላውን ሾክ አሳጥሮ ሞተሩን ዝቅ ማድረግ ፋሽን ሆኗል። ቁመናው ያምራል፤ ኩርባ ላይ ግን የሚቀረውን ጥቂት ክፍተት ይበላዋል። የክሩዘር የኋላ ሾክ ሲጀመርም ሲጨመቅ የሚሠራው ርቀት ብዙውን ጊዜ ከ100 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ነጂው ሲቀመጥ ሾኩ ምን ያህል እንደሚወርድ ለማወቅ ሁለት ሰውና አንድ የሜትር መለኪያ ይበቃል። የኋላው ጎማ አየር ላይ እያለ ከጎማው መሀል ቀጥ ብሎ ከላይ እስካለ አንድ ምልክት ድረስ ለኩ። ቀጥሎ ጎማውን መሬት አስነክታችሁ ነጂው ሙሉ ልብሱን ለብሶ ይቀመጥና እንደገና ለኩ። ልዩነቱ ሾኩ ከሚሠራው ርቀት ከሩብ እስከ ሲሶ ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ ከበለጠ የስፕሪንጉን ማጥበቂያ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ጨምሩ፤ ከኋላ ሰው ሲፈናጠጥ ደግሞ ጨምሩበት። ማጥበቂያው ዳር ደርሶም ልኩ ካልመጣ ስፕሪንጉ ደክሟል።

ምቾትን በተመለከተ፣ ለስላሳ መቀመጫ ያታልላል። እግርን ወደ ፊት የሚያስዘረጋ መርገጫ ያለው ሞተር ላይ የሰውነት ክብደት በሙሉ ጭራ አጥንት ላይ ያርፋል። ጉድጓድ ወይም ኮብልስቶን ሲመጣ ከመቀመጫው ብድግ ማለት ስለማይቻል ምቱ በቀጥታ ወገብ ላይ ይወጣል። መርገጫው ከጉልበት ሥር የሆነ ሞተር መቀመጫው ቢደርቅም ለእኛ መንገድ ይመረጣል። መሪውንም ፈትሹ። ሞተሩን አቁማችሁ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ አዙሩ። በውጭ በኩል ያለው ክንድ ተወጥሮ ቀጥ ካለ ወይም ትከሻችሁ ከተጎተተ፣ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ነዳጅና ፍሪሲዮን በልክ መያዝ አትችሉም።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ፣ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 በላይ ነው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ማንኛውም ቱርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። የሜቲዮር 20 የፈረስ ጉልበት እዚህ 15 ገደማ ነው፤ ሰው አፈናጦ ዳገት ሲወጣ ይሰማል። ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው ሞተር ከዚህም ሌላ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ዋናውን ጄት፣ ማለትም ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ ያለውን ትንሽ ዕቃ፣ አንድ ወይም ሁለት ቁጥር አሳንሱ። ሞተሩ ወደ ቆላ፣ ለምሳሌ ወደ አዋሽ የሚወርድ ከሆነ ግን ጄቱ መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ ቤንዚን አንሶት ይግላል። ኢንጀክሽን (ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክስ የሚለካ) ያለው ራሱን ስለሚያስተካክል ይህ ጣጣ የለበትም።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን እየጎተቱ መውረድ ክፉ ልማድ ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የያዘ ዘይት ቶሎ ይፈላል፣ ፍሬኑም ባዶ ይገባል። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ለውጡ። ማርሽ ከኩርባው በፊት ቀንሱ፣ ፍጥነቱንም ቀጥ ባለው ላይ ጨርሱ። ክሩዘር ረጅምና ዝቅ ያለ ስለሆነ የኋላ ፍሬኑ ከሌላው ሞተር ይልቅ ይይዛል፤ ዋናው ግን ያው የፊተኛው ነው። ሲኖትራክ ያፈሰሰው አሸዋና ናፍታ ኩርባ ላይ ስለማይጠፋ፣ በክረምት በተለይ፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) ያለውን መግዛት ዋጋው ቢጨምርም የሚያስቆጭ አይደለም።

ጎማው ጎን ላይ በአራት አሃዝ የተሠራበት ጊዜ ተጽፏል፤ 2319 ማለት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያልተበላ፣ ግን ቆሞ የደረቀ ጎማ ዝናብ ላይ አይይዝም። ጨረር ባለው ቸርኬ ላይ የሚገጠም ጎማ ብዙውን ጊዜ የውስጥ ጎማ አለው፤ ሲበሳ በአንዴ ይተነፍሳል። ወጥ ቸርኬ ያለው አየሩን ቀስ ብሎ ስለሚለቅ ለመቆም ጊዜ ይሰጣል። አቧራና ኮረኮንች ላለበት ሰፈር የኋላውን ጎማ ለማዞር ከቺንጊያ ይልቅ ሰንሰለት ይሻላል፤ ጠጠር ቺንጊያውን ከበሳው መላው መቀየር ብቻ ነው።

በጋዜጣችሁ ማስታወቂያ የሚያወጡ ሻጮች ከሲሲው ጎን የሞተሩን ክብደት፣ የመቀመጫውን ከፍታና የጎማውን አራት አሃዝ ቢጽፉ፣ ገዢውንም ከሜዳው ይልቅ ዳገት ላይ ቢያስሞክሩ ብዙ ሰው ወደ እኛ መመላለስ ይቀርለታል።

ከአክብሮት ጋር፣
በሱሉልታ መስመር የሚሠሩ የሞተር ሳይክል ጠጋኞች