በሁለት ሥዕሎች መካከል፦ የአኒሜሽን ክበባችን ዓመት

የሥዕል ክበባችን ዘንድሮ ፊቱን ወደ አኒሜሽን አዙሯል። ጥያቄው የመጣው ከተማሪዎቹ ነው፤ የሣሉት ሰው ሲራመድ ማየት ፈለጉ። ስንጀምር የነበረን ወረቀት፣ እርሳስ፣ ፓንቸርና ካሜራው ደህና የሆነ አንድ ስልክ ነው። ለጀማሪ ይህ ይበቃል። ጥበቡ ራሱ ከኮምፒውተር ብቻ ሳይሆን ከሲኒማም ይቀድማል። ፈረንሳዊው ኤሚል ሬይኖ በእጁ የሣላቸውን ሥዕሎች ፓሪስ ውስጥ በመጋረጃ ላይ እያንቀሳቀሰ ለሕዝብ ያሳየው በ1892 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሲኒማ ጀማሪዎች የሚባሉት የሉሚዬር ወንድማማቾች ፊልማቸውን ለከፋይ ተመልካች ያቀረቡት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ያሳልፋል። በእጅ በሚሣል አኒሜሽን ግን አንዱ ሥዕል ብዙ ጊዜ ሁለቴ ስለሚታይ ለአንድ ሰከንድ 12 ሥዕል ይበቃል። ተማሪዎቹ ወዲያው አባዝተው የአንድ ደቂቃ ፊልም 720 ሥዕል እንደሚፈልግ ደረሱበት። ጥቂቶቹ በዚያው ወደ ሌላ ክበብ ሄዱ፤ የቀሩት ግን እስከ ሰኔ አልተለዩንም።

የመጀመሪያው ሥራችን ኳስ ነበር። ኳስ መሣል ማንም አያቅተውም፤ ስለዚህ ዓይናቸው ከሥዕሉ ማማር ተነሥቶ ወደ እንቅስቃሴው ይሄዳል። ኳሱን በእኩል ርቀት እየሣሉ ሲያወርዱት በገመድ የሚወርድ ይመስላል፤ ክብደት የለውም። ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ጫፍ ሲደርስ ስለሚዘገይ እዚያ ሥዕሎቹ ተጠጋግተው፣ ወደ መሬት ሲቀርብ ደግሞ ተራርቀው መቀመጥ አለባቸው። ይህን ሲያስተካክሉ ያው ክብ መስመር በድንገት ከበደ። መሬት ሲነካ ጠፍጠፍ ሲል ጎኑ ካልሰፋ ደግሞ ያነሰ ይመስላል፤ ቅርጹ ይለወጥ እንጂ መጠኑ አይቀንስም። እኔ ከዓመቱ ትምህርት ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። ሕይወት የሚመጣው ከሥዕሉ ሳይሆን በሁለት ሥዕሎች መካከል ከሚተወው ርቀት ነው፤ በእጁ የማይመካ ተማሪም ይህን በትዕግሥት ሊማረው ይችላል።

ከገና በኋላ ገጸ ባሕርይ ወደ መፍጠር ገባን። አባላቱ ማሲንቆ የያዘ አዝማሪ መረጡ። የመጀመሪያው ንድፍ እጅግ ያምር ነበር፦ የሸማው ጥለት፣ የጫማው ማሰሪያ፣ የማሲንቆው ጌጥ ሁሉ ወጥቷል። ነገር ግን አንድ የጥለት መስመር በየሥዕሉ መደገም አለበት፤ በየጊዜው ትንሽ ስለሚለያይም ሲንቀሳቀስ ይርገበገባል። ቀነሱ፣ ደግመው ቀነሱ። በመጨረሻ የቀረው ትልቅ ራስ፣ ረጅም ገላ፣ አንድ ወፍራም የሸማ ጠርዝና ሁለት ሰፋፊ ዓይኖች ናቸው። ከዚያም ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ በአንድ ወረቀት ሣሉት፤ ሁሉም ሣይ መጠኑን የሚለካው ከዚያ ወረቀት ነው።

ዓይኖቹን ያገኘናቸው ጎንደር ባለው በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ነው። የጣሪያውን መላእክት ቀና ብለን ስናይ፣ ጥቁሩ የዓይን ብሌን ትንሽ ወደ ጎን በመሄዱ ብቻ አስተያየታቸው እንዴት እንደሚለይ ተማሪዎቹ ልብ አሉ። ከዚያ ተመልሰን አዝማሪውን ከጎን ልናራምደው ስንል አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ተቃወመች። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ በአንድ ዓይን ከጎን የሚሣሉት ክፉዎች ናቸው። «አዝማሪያችንን ይሁዳ ልናስመስለው ነው?» አለች። ክርክሩ ረዘመ፤ እኔም አልቸኮልኩም። በስምምነት ገላው ወደ ጎን ሲሄድ ፊቱ ወደ ተመልካቹ መለስ እንዲል ተደረገ፤ ሁለቱም ዓይኖች ይታያሉ። ይህ ፊት ለመሣል ከጎን ፊት ይከብዳል። ሆኖም ጎንደር የተወለደ ገጸ ባሕርይ እንዲህ መሆኑ ደስ ብሎኛል።

ለአረማመዱ ቅዳሜ ገበያ ሄደን ሰው አየን። ሸክም ያለበት ሰው ጎንበስ ብሎ አጭር አጭር ይራመዳል፤ ባዶ እጁን የሚሄድ ክንዱን ያወዛውዛል። አንድ እርምጃ አራት ዋና ሥዕሎች አሉት፦ ተረከዝ መሬት ሲነካ፣ ክብደቱ ሲያርፍና ሰውነት ዝቅ ሲል፣ አንዱ እግር ሌላውን ሲያልፍ፣ ሰውነት ከፍ ሲል። መጀመሪያ እነዚህ ይሣላሉ፤ በመካከላቸው ያሉት በኋላ ይሞላሉ። አንድ እርምጃ ግማሽ ሰከንድ ቢወስድ የሁለቱም እግር እርምጃ በ12 ሥዕል ያልቃል፤ እሱኑ እየደጋገሙ ሩቅ መንገድ ማስኬድ ይቻላል። ወረቀቶቹ እንዳይንሸራተቱ በፓንቸር በስተን ጣውላ ላይ በተተከሉ ሁለት እንጨቶች አጠለቅናቸው። ከሥር ያለውን ሥዕል ለማየት መስኮት ላይ ለጥፈው ይሥሉ ነበር፤ ኋላ የትምህርት ቤታችን አናጺ መስታወት የገባበትና ከሥሩ አምፖል ያለው ሣጥን ሠርተውልናል። እናመሰግናለን።

ከሁሉ የከበደው ማሲንቆውን ማስመታት ነበር። የአንድ አባላችን አጎት መሣሪያቸውን ይዘው መጥተው ቀስ እያሉ መቱልን። «እጁን አትዩት፣ አንጓውን እዩት» አሏቸው። እውነትም አንጓው ይቀድማል፣ ጣቶችና ደጋኑ ዘግየት ብለው ይከተላሉ። ልጆቹ ይህንኑ ወደ እስክስታው ወሰዱት፦ ትከሻው ሲመታ የሸማው ጠርዝ አንድ ሁለት ሥዕል ቆይቶ ይደርሳል፤ ትከሻው ከቆመ በኋላም ሸማው ይወዛወዛል። ለዚህ ግን በሰከንድ 12 ሥዕል አልበቃም። ትከሻው ፈጣን በመሆኑ ለዚያ ክፍል ብቻ 24 ሣሉ፤ ማንም ሳያዛቸው።

ፊልሙ በወላጆች ቀን ታየ። ግማሽ ደቂቃ አይሞላም፤ አዝማሪው ቁልቁለት ይወርዳል፣ ይቆማል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይገልጣል፣ ይመታል፣ እስክስታ ይወርዳል። ድምፅ የለውም። የሚቀጥለው ዓመት ሥራችን ይኸው ነው፤ ማሲንቆውን አስቀድመን ቀድተን እያንዳንዱ ምት በስንተኛው ሥዕል ላይ እንደሚወድቅ በወረቀት ቆጥረን ከዚያ እንሥላለን። አዲስ አባላት ምዝገባ በመስከረም ይጀምራል፤ ጥሩ ሠዓሊ መሆን አይጠየቅም፣ እርሳስና ላጲስ ግን ይዛችሁ ኑ።