የምድር ባቡር ሠራተኞች መቃብር እንዲመዘገብ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለድሬዳዋ አስተዳደር ባህልና ቱሪዝም ቢሮ
ድሬዳዋ

ክቡራን የቢሮው ኃላፊዎች፣

ባለፈው ዓመት ፈረንሳይ አገር፣ አሚያን ከተማ፣ በማድሌን መካነ መቃብር የሚገኘውን የደራሲ ጁል ቬርንን መቃብር ጎብኝቼ ተመልሻለሁ። ምድር ባቡር የሠሩት አባቴ፣ ፈረንሳይኛን በሥራ ላይ የተማሩ ሰው ስለ ነበሩ፣ ማታ ማታ ከዚራ ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ጁል ቬርን የጻፈውን፣ ዓለምን በ80 ቀን የዞረውን መንገደኛ ታሪክ እያነበቡ በአማርኛ ይነግሩን ነበርና ጉዞውን የእሳቸውን አደራ እንደ ማድረስ ቆጥሬው ነበር።

ጁል ቬርን ያረፈው በ1905 እ.ኤ.አ. ነው። በ1907 የቆመለት የቀራጩ የአልቤር ሮዝ ሐውልት ደራሲው የመቃብሩን ድንጋይ ሰብሮ ከነመግነዙ ሲነሣ፣ እጁንም ወደ ሰማይ ሲዘረጋ ያሳያል። ከፊቱ ብዙ ቆየሁ፤ ሐሳቤ ግን ወደ አገሬ ሄደ። እሱ በ1863 እ.ኤ.አ. አፍሪካን ከዛንዚባር እስከ ሴኔጋል በፊኛ ስላቋረጡ ሰዎች ሲጽፍ አህጉራችንን በዓይኑ አላያትም፤ ሲሞት ግን ከጅቡቲ የተነሣው እውነተኛው ባቡር ድሬዳዋ ከገባ 2 ዓመት አልፎት ነበር። ያንን ባቡር የነዱት፣ ሐዲዱን የጠገኑት፣ ፉርጎውን የጫኑት ሰዎች ዛሬ የት እንዳረፉ የሚነግረን መዝገብ ማግኘት እንፈልጋለን።

የአባቴን መቃብር አውቀዋለሁ። አጠገባቸው ያሉት የሥራ ባልደረቦቻቸው ግን ስማቸው ሲሚንቶው ሳይደርቅ በሚስማር የተጻፈ ነበርና ፀሐዩና ዝናቡ አጥፍቶታል፤ ከሁለቱ በቀር የማንን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩና አርመኑ በአንድ ለገሃር ሠርተው በየሃይማኖታቸው ስለ ተቀበሩ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሊሰበስበው የሚችል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ቢሮው ከአብያተ ክርስቲያናትና ከመስጊዶች ጋር ተመካክሮ የሟቾቹን ስም፣ የሥራ ድርሻ፣ የዕረፍት ዘመንና የመቃብር ቦታ የሚይዝ መዝገብ እንዲያስጀምር በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጁል ቬርን ከ1888 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሚያን ከተማ ምክር ቤት አባል ነበርና ከተማዋ የምታከብረው እንደ ደራሲ ብቻ ሳይሆን እንደ አገልጋይዋም ይመስለኛል። ለእኛዎቹ ሐውልት አልጠይቅም። መዝገቡ ግን ሊዘገይ አይገባውም፤ «ይህ የእገሌ ነው» ብለው በጣታቸው የሚያሳዩን ጡረተኞች በዕድሜ የገፉ ናቸውና።

አባቴ የባልደረቦቻቸውን ስምና የቀብራቸውን ቀን የጻፉበት ደብተር በእጄ ይገኛል። ቢሮው በሚቀጥረኝ ቀን ይዤው እቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ከከዚራ