በስድስተኛው ደቂቃ እደውልልሃለሁ

ቡርሳ፣ 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንደምን ሰነበትክ? እማማ ደህና ናቸው? እኔ፣ አምላክ ክብሩ ይስፋ፣ ደህና ነኝ። ከተጠፋፋን ቆየን። መጀመሪያ እኔ ከአንካራ ለቅቄ እዚህ መጣሁ። ቀጥሎ ያንተ ስልክ አልሠራ አለ። ከዚያ ኑሮው፣ ሥራው፣ ያው ታውቀዋለህ። ዛሬ ግን ሳልጽፍልህ ማደር አልቻልኩም። በመጪው ሳምንት ሁለቱ የቱርክ እግር ኳስ ክለቦች፣ የዚህ ከተማው ቡርሳስፖርና የአንካራው አንካራጉጁ፣ ይጋጠማሉ። ያውም እዚሁ ቡርሳ!

ያንተ አንካራጉጁ ባለፈው ዓመት ከቱርክ ከፍተኛው ሊግ፣ ከሱፐር ሊግ፣ መውረዱን ሰምተህ ይሆናል። የኛ ቡርሳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 እንደወረደ እስካሁን አልተመለሰም። ስለዚህ ዘንድሮ ሁለቱም ያሉት ከሱፐር ሊግ አንድ እርከን ዝቅ ብሎ ባለው ሊግ ነው። እናንተ ተመልሶ ለማደግ ትጫወታላችሁ። እኛ ከዚህም በታች እንዳንወርድ ፈርተናል። ክለቡ ዕዳ ውስጥ ተዘፍቋል። የዚህ ከተማ ሰው ሲጨነቅ አይቼ እኔም አብሬ ተጨነቅኩ።

ቡርሳ እኮ ቻምፒዮን የነበረ ክለብ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 2010 ቤሽክታሽን 2 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫ በላ። በዚያው ሰዓት ኢስታንቡል ላይ ፌነርባቼ ከትራብዞንስፖር 1 ለ 1 ወጣ። ስታዲየሙ ውስጥ ግን ቡርሳም አቻ ወጥቷል ተብሎ በስህተት ተነገረ። የፌነርባቼ ደጋፊ ዋንጫው የእሱ መስሎት ሜዳ ገብቶ ጨፈረ። እውነቱ ሲታወቅ የሆነውን አስበው። ቡርሳ 75 ነጥብ፣ ፌነርባቼ 74። በቱርክ ሊግ ታሪክ ዋንጫ የወሰደ አምስተኛው ክለብ ቡርሳ ነው። በዚያው ዓመት መኸር ላይ ማንቸስተር ዩናይትድ ለቻምፒየንስ ሊግ እዚህ ከተማ መጥቶ ተጫውቷል። ይኸው ከዚያ ወዲህ የሆነው ሆኖ ዛሬ ላለመውረድ እንለምናለን።

ደብዳቤውን ያስጀመረኝ ግን ይሄ ብቻ አይደለም። አንካራ ሳለን ኤርያማን ስታዲየም አብረን ስንገባ ታስታውሳለህ? 16ኛው ደቂቃ ሲደርስ ሕዝቡ ሁሉ ተነስቶ ስለ ቡርሳ ይዘምር ነበር። ተጋጣሚው ሌላ፣ ቡርሳ በቦታው የለ። «ምን አገባቸው?» እያልክ ትጠይቀኝ ነበር። እኔም መልሱን አላውቀውም ነበር። ጥግ ድረስ የሰማሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። የነገረኝ ፀጉር አስተካካዬ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከታርጋ ነው። እዚህ አገር የመኪና ታርጋ በከተማው ቁጥር ይጀምራል። አዳና 01፣ አንካራ 06፣ ቡርሳ 16። ስለዚህ የአንካራጉጁ ደጋፊ በ16ኛው ደቂቃ ለቡርሳ ይዘምራል። የቡርሳ ደጋፊ ደግሞ በ6ኛው ደቂቃ ለአንካራጉጁ ይዘምራል። ሲያሸንፉም ሲሸነፉም፣ አንዱ ላይ ሌላው ታች ሲሆንም አይቀርም። ወዳጅነቱ የጠነከረው በሐዘን ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ከቡርሳ ደጋፊዎች መሪዎች አንዱ ውትድርና ላይ ሳለ ሞተ። የአንካራዎቹ ልጆች ለቅሶውን እንደ ራሳቸው ለቅሶ ቆጠሩት። ከዚያ በኋላ ወንድማማች ሆነው ቀሩ። የሁለቱን ከተሞች ስም ገጥመው «ቡርሳንካራ» ይሉታል።

ፀጉር አስተካካዬ ሱቅ ውስጥ፣ ከመስታወቱ በላይ አንድ ስካርፍ ተሰቅሏል። ግማሹ አረንጓዴና ነጭ ነው። ግማሹ የናንተው ቢጫና ጥቁር ሰማያዊ። መሀል ላይ በእጅ የተሰፋ ነው፤ ክሩ ወፍራም ነው፣ እዚህም እዚያም ይታያል። ሁለት ስካርፍ ቆርጦ የሰፋችው ባለቤቱ ናት። ምላጩን ሲያነሳ ዓይኔ ሁልጊዜ እዚያ ስፌት ላይ ይሄዳል።

አሁን ሻይ ቤቱ ውስጥ ክርክሩ ደርቷል። አንዳንዱ «ወንድሞቻችን ናቸው፣ ነጥቡን ይተዉልናል» ይላል። እኔ ይሄን አልወደውም። እውነት እልሃለሁ፣ ነጥብ ከተዉልን ወዳጅነቱ ይረክሳል። እናንተም ማደግ ያስፈልጋችኋል። አንካራጉጁ እ.ኤ.አ. በ1910 የጥይት ፋብሪካ ሠራተኞች ያቋቋሙት ክለብ ነው። በሠራተኛ ላብ የቆመ ክለብ እንዲያው ሲሸነፍ ማየት አልፈልግም። ፀጉር አስተካካዬም እንደኔ ነው። «ዘጠናውን ደቂቃ ይጫወቱን፣ ሲያልቅ እራት እኛ ጋ ነው» አለኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ነው የምወደው። አዲስ አበባ ላይ አንተ ቡና እኔ ጊዮርጊስ ሆነን ስንት ደርቢ አብረን አይተን የለ? አንድ ቀን እንኳ ለኔ ብለህ ቡና ይሸነፍ አላልክም።

እኔ ቡርሳ እንዲያሸንፍ ነው የምፈልገው። አንተ አንካራን ደግፍ፣ ከልብህ ደግፍ። የስታዲየም መግቢያ ካርዴን፣ ፓሶሊጌን፣ አሳድሻለሁ፤ ያለሱ በር ላይ አያስገቡም። ስታዲየሙ አዲሱ፣ አዞ የሚመስለው ነው። ከጎል ጀርባ፣ ቴክሳስ የሚባሉት የቡርሳ ደጋፊዎች ካሉበት አካባቢ እቆማለሁ።

ያንተና የኔ ሰዓት አንድ መሆኑ ጥሩ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ስልክህን አጠገብህ አድርግ። 6ኛው ደቂቃ ላይ በቪዲዮ እደውልልሃለሁ። የቡርሳ ሕዝብ የክለብህን ስም ሲጠራ ራስህ ትሰማዋለህ። 16ኛው ላይ ደግሞ የናንተዎቹ ከእንግዳው ጥግ ይመልሳሉ። ሁለቱን ደቂቃ በአንድ ጨዋታ መስማት ሁሌ አይገኝም።

አዲሱን ቁጥርህን ቶሎ ላክልኝ። ስላንተም ጻፍልኝ፦ ሥራው እንዴት ሆነ? ቤቱን ጨረስከው? እማማን እግራቸውን ሳምልኝ፤ ወንድምህንም ሰላም በልልኝ።

የሚወድህ ወንድምህ