ባሩድ ያልጨረሰው ግንብ

ይድረስ ለውድ አባቴና ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበታችሁልኝ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የእማዬ ጉልበት ተሻላት ወይ? መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ አደራ።

አባባ፣ የዛሬው ወሬ በተለይ ለእርስዎ ነው። ቅዳሜ ዕለት እረፍት ስለነበረኝ ከለንደን ወደ ደቡብ ወርጄ ኮርፍ ካስል የምትባል ትንሽ ከተማ ሄድኩ። ከበላይዋ ኮረብታ ላይ የፈረሰ ግንብ አለ። ጎንደር ላደገ ሰው ግንብ ምኑ ይደንቀዋል ብዬ ነበር፤ ይኼስ ሌላ ነው።

ያፈረሰው ዘመን አይደለም፣ የገዛ ፓርላማቸው እንጂ። ያኔ ንጉሡና ፓርላማው ተጣልተው አገሩ እርስ በርሱ ይተላለቅ ነበር። የግንቡ እመቤት ሜሪ ባንክስ ትባላለች፤ ባሏ የንጉሡ ዳኛ ነው። በፈረንጆች 1643 እሱ በሌለበት ጠላት ሲከባት፣ ከሴት ልጆቿና ከቤት ሠራተኞቿ ጋር ሆና ከላይ ድንጋይና ፍም እያወረደች መለሰቻቸው። እማዬ ይችን ሴት ትወዳት ነበር! በ1646 ግን (ጎንደር በተቆረቆረች በ10 ዓመቷ መሆኑ ነው) ከገዛ መኮንኖቿ አንዱ ከድቶ ጠላት አስገባባት። ስለ ጀግንነቷ የግንቡን ቁልፍ ሰጥተው ሸኟት ይባላል። ቁልፍ ብቻ! ግንቡንማ በባሩድ ናዱት።

ግድግዳው ከውጭ የተጠረበ የኖራ ድንጋይ፣ መሀሉ በስብርባሪ ድንጋይና በኖራ የተሞላ ነው። ከሥሩ ቆፍረው ባሩድ ጠቅጥቀው ሲለኩሱት፣ የአንዱ በር ግማሽ ማማ ሳይበተን ከነቁመቱ ቁልቁል ተንሸራቶ ቆመ። እስካሁን እንደዚያው ነው፤ የበሩ ቅስት በአንድ በኩል ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ብሎ ይታያል። ጠጋ ብዬ ማያያዣውን በጣቴ ነካ ባደርገው ንቅንቅ አይልም። ምን ዓይነት ግንበኛ ነበር?

የወደቀውን ድንጋይ የሰፈሩ ሰው እየተሸከመ ቤት ሠራበት። አልፈረድኩባቸውም፤ ተጠርቦ ያለቀ ድንጋይ ደጁ ተከምሮ ማን ዝም ብሎ ያየዋል?

ዛሬ ናሽናል ትረስት የሚባል ቅርስ ጠባቂ ይዞታል። እንዳይወድቅ ይደግፉታል እንጂ መልሰው አይገነቡትም። እርስዎ «ስንፍና ነው» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ደግ አደረጉ እላለሁ። አዲስ ግድግዳ ቢቀጥሉበት ያ የተንሸራተተ ማማ ምኑን ይነግረናል? አንዲት አስጎብኚ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። የኛ የአፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥትም በጣልያን ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ ቦምብ መጎዳቱን ስነግራት ደነገጠች፤ ሰምታ አታውቅም።

ፎቶዎቹን በወንድሜ ስልክ ልኬያለሁ። ከቅርብ ያነሳሁትን ግድግዳ አስፍቶ ያሳይዎት፤ ኖራው በምን እንደተለወሰ የሚመስልዎትን ይንገሩኝ። የወሩን ገንዘብ ሰኞ እልካለሁ፤ መጀመሪያ የጓሮው ቆርቆሮ ይታደስ፣ ክረምቱ ሳይገባ።

ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሱልኝ።

ናፋቂ ልጃችሁ