ለስልክ ሲስተም ማን ይከፍላል? እኛ እንከፍላለን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ስልክ ሲስተም፣ ማለትም እንደ አንድሮይድ ስልኩን ስለሚያሠራው ዋና ሶፍትዌር፣ በተወራ ቁጥር «ሐበሻ ለሶፍትዌር አይከፍልም» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ በጭራሽ አልስማማም።

አዲስ አበባ ካሉት የሞባይል ጥገና ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ በሉ። ስልኩ ሎጎ ላይ ቆሞበት ፍላሽ የሚያስደርግ አለ፣ የጎግል አካውንቱ ተቆልፎበት የሚያስከፍት አለ፣ ሲስተሙ ተንቀራፎበት እንደ አዲስ የሚያስጭን አለ። ሁሉም ይከፍላል። ብሩ የሚደርሰው ግን ለጫነው ባለሙያ እንጂ ሲስተሙን ለሠራው አይደለም። ባለሙያው ሥራውን ነው የሠራው፣ ይገባዋል። እኔ የምለው፣ ሰው ለሶፍትዌር መክፈል ከለመደ ቆይቷል ነው።

ከአንድሮይድና ከአይፎን ውጭ ያሉ ትንንሽ ሲስተሞች በሌላ አገር ተሽጠዋል። የቀድሞ የኖኪያ ሠራተኞች ያቋቋሙት ዮላ የተባለ የፊንላንድ ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የመጀመሪያ ስልኩን ካወጣ በኋላ፣ ከ2017 ጀምሮ ሴልፊሽ የተባለውን ሲስተሙን ለሶኒ ኤክስፔሪያ ስልክ በ50 ዩሮ ገደማ ይሸጥ ጀመር። ነጻ ቅጂም አለው። የአንድሮይድ አፕ የሚያስኬደውን ክፍል የሚያገኘው ግን የከፈለ ብቻ ነው። ፋየርፎክስ ኦኤስ የተባለው ሌላው ሲስተምስ? ተጠቃሚውን ምንም ሳያስከፍል በርካሽ ስልክ መጣ፣ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ቀረ። ነጻ መሆኑ አላዳነውም።

«አፕ የለውማ!» ይባላል። እስቲ አዲስ አበባ ውስጥ ቀናችን የሚያልፈው በምንድን ነው? ቴሌግራም ላይ አይደል? ቴሌግራም ደግሞ ማንም የራሱን አፕ እንዲሠራበት ክፍት ስለሆነ፣ ለሴልፊሽም፣ ኡቡንቱ ተች ለተባለው ሌላ የስልክ ሲስተምም የሚሆን ተሠርቷል። ቴሌብር በ*127# በቁልፍ ስልክ እንኳ ይሠራል፣ ንግድ ባንክ *889# አለው፣ ራይድ 8294 ላይ ተደውሎ ይጠራል። እርግጥ ሲስተሙ የተነካካ ስልክ ላይ አልከፈትም የሚል የባንክ አፕ አለ፣ ኪውአር ስካን አድርጎ መክፈል የለመደም ይቸገራል። ይህን አልክድም። ግን ከሌላው አገር ሰው ይልቅ እኛ ያለ አፕ መኖር እንችላለን።

እኛን የሚያግደን ሌላ ነው። ሴልፊሽ የሚፈልገው ኤክስፔሪያ እዚህ ብርቅ ነው፣ በየሰዉ እጅ ያለው ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና ሳምሰንግ ነው። የአማርኛ ኪቦርድ ከሌለው ደግሞ እናቴ አንድ ቀን አትይዘውም። ከሁሉም የሚከፋው ክፍያው ነው። ብር እያለው የዶላር ካርድ የሌለው ሰው ሃምሳ ዩሮውን በምን ይክፈል? መክፈያ አጥቶ የቀረውን ሁሉ «አይከፍልም» ብሎ መፈረጅ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ፕሮግራመሮቻችንን በጋዜጣችሁ በኩል የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አምራቹ አፕዴት መላክ ያቆመበትን ቴክኖ ወይም ሳምሰንግ የሚያነቃ፣ አማርኛው የተሟላ ሲስተም አዘጋጁ። በጥገና ቤቶቹ በኩል ሽጡት፣ ባለሙያውም ድርሻውን ያግኝ። ክፍያው በቴሌብር፣ በብር፣ አንዴ ተከፍሎ የሚያበቃ ይሁን። የያዝኩትን ስልክ ለተጨማሪ ሦስት ዓመት በአፕዴት ለሚያቆይልኝ አንድ ሺህ ብር ዛሬውኑ እከፍላለሁ፣ አዲስ ስልክ መግዛት ስንት እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ፣ ከ4 ኪሎ