ስውር መልእክት ከመፈለጋችን በፊት ወንበሩን ማን እንዳነሣው እንጠይቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

«ዳይሬክተሩ ፊልሙ ውስጥ የደበቀውን መልእክት አገኘን» የሚሉ ቪዲዮዎች በአማርኛም እየበዙ ነው። ቀይ ክብ፣ ቀስት፣ ዘገም ያለ ምስል፣ ከሥሩ የሚያስፈራ ሙዚቃ፤ ከዚያም «ይህን ስንቶቻችሁ አያችሁ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። በዚህ በር የገባ ወጣት በቀላሉ አይወጣም። የምንጽፍላችሁ በፊልም ቅንብር ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን። ፊልምን አተኩሮ ማየት ደስ የሚል ልማድ ነው፤ እኛም የምንመኘው እንዲህ ያለውን ተመልካች ነው። የሚያሳዝነን ያ ሁሉ ትጋት ፊልም እንዴት እንደሚሠራ ካለማወቅ የተነሣ ባክኖ መቅረቱ ነው።

የዚህ ነገር ትልቁ ምሳሌ ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1980 (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው «ዘ ሻይኒንግ» የተባለው አስፈሪ ፊልም ነው። ለክረምት በተዘጋ ሆቴል ውስጥ ብቻውን ስለከረመ ቤተሰብ ይተርካል። በዚህ አንድ ፊልም ላይ የተሰጡት ትርጓሜዎች ከመብዛታቸው የተነሣ በ2012 «ሩም 237» የሚባል ዘጋቢ ፊልም ተሠርቶባቸዋል። አንዱ ተርጓሚ ፊልሙ ስለ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዕልቂት ነው ይላል፤ ማስረጃው ጓዳው ውስጥ የተደረደረው የካሉሜት ቤኪንግ ፓውደር ቆርቆሮ ነው፣ የነባር ሕዝብ ሰው ሥዕል አለበትና። ሌላው ናዚዎች በአይሁድ ላይ ስለፈጸሙት ጭፍጨፋ ነው ይላል፤ የጽሕፈት መኪናው አድለር የሚባል የጀርመን ሥሪት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ኩብሪክ የ1969ኙን የጨረቃ ጉዞ በስቱዲዮ ቀርጾ ዓለምን ማታለሉን በዚህ ፊልም ተናዟል ባይ ነው። ሕፃኑ «አፖሎ 11» የተጻፈበት ሹራብ ለብሷል፤ የሚፈራው ክፍል ቁጥር 237 ነው፤ ጨረቃም ከምድር 237 ሺህ ማይል ትርቃለች ይላል።

እስቲ ቁጥሩን እንያዝ። ጨረቃ በአማካይ ከምድር የምትርቀው 384,400 ኪሎ ሜትር ነው፣ በማይል 238,900 ገደማ። ርቀቱ ስለሚለዋወጥ 237 ሺህ የሚሆንበት ሰዓት አለ፤ 230 ሺህ የሚሆንበትም፣ 250 ሺህ የሚሆንበትም አለ። ፊልሙ የተመሠረተበት የስቲቨን ኪንግ ልብ ወለድ ውስጥ የክፍሉ ቁጥር 217 ነበር። የተለወጠው የሆቴሉ ውጫዊ ገጽታ የተቀረጸበት፣ በአሜሪካ ኦሪገን የሚገኘው ቲምበርላይን ሎጅ ስለጠየቀ ነው። ሎጁ 217 የሚባል ክፍል ስላለው እንግዶች ሊፈሩት ይችላሉ ብሎ ሰጋ፤ 237 የሚባል ክፍል ግን አልነበረውም። ነገሩ ይኸው ነው።

በዚያ ላይ ቁጥር ለጠራው ሁሉ አቤት ይላል። 2፣ 3 እና 7 ሲደመሩ 12 ናቸው፣ የሐዋርያት ቁጥር። ሁለትን በሦስት አባዝተን ሰባት ብንጨምር 13 ይመጣል፣ የዘመን አቆጣጠራችን ወራት። 27ን በ3 ብናባዛ 81፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዱሳት መጻሕፍት። ሦስቱም ሲባዙ 42 ይሆናሉ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን እኛ ለማሳያ አወጣናቸው፤ 42ን ግን ፊልሙ ስለ ናዚዎች ጭፍጨፋ ነው የሚሉ ሰዎች 1942ን ያመለክታል ብለው በማስረጃነት ያቀርቡታል። መደመር፣ ማባዛት፣ ማገጣጠምና መገልበጥ ሁሉ ከተፈቀደ ከሦስት አሃዝ የተፈለገው ቁጥር ይወጣል። ስለዚህ ለማንኛውም የቁጥር ማስረጃ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ የስሌቱ ደንብ መልሱ ከመታወቁ በፊት ተወስኖ ነበር ወይ የሚለው ነው።

አሁን ወደ ወንበሩ እንምጣ፤ ከሁሉ በላይ ሥራችንን የሚነካው እሱ ነው። አባትየው የጽሕፈት መኪናው ፊት ተቀምጦ ሚስቱን ሲቆጣ፣ በአንዱ ሾት (ካሜራው ሳይቀየር የሚታይ ቁራጭ) ከኋላው የሚታየው ወንበር በሚቀጥለው የለም። ፈላጊዎቹ «ኩብሪክ ፍጹም ሰው ነው፣ አይሳሳትም፣ ስለዚህ ወንበሩን ሆን ብሎ አጥፍቶታል» ይላሉ። እውነተኛው አሠራር እንዲህ ነው። የሁለት ደቂቃ ንግግር በአንድ ጊዜ አይቀረጽም። መጀመሪያ ክፍሉን በሰፊው የሚያሳየው ሾት ይቀረጻል፤ ቀጥሎ ካሜራው ወደ አንደኛው ተዋናይ ይዞራል፣ ከዚያ ወደ ሌላው። በየመካከሉ መብራት ይዛወራል፤ ለካሜራው፣ ለሐዲዱና ለመብራት ማቆሚያው ቦታ ለመልቀቅ ዕቃ ይነሣል፤ ምሳ ይበላል፤ ይመሻል፤ በማግስቱ ይቀጥላል። የዕቃውን ቦታ፣ የፀጉሩን አበጣጠር፣ የሲጋራውን ርዝመት እየመዘገበ በፎቶግራፍ የሚይዝ የኮንቲኒዩቲ፣ ማለትም ሾቶቹ እርስ በርስ እንዲገጥሙ የሚጠብቅ ባለሙያ አለ፤ እሱም ሰው ነውና ያመልጠዋል። አንዱን ትዕይንት ደጋግሞ በማስቀረጽ የታወቀው ኩብሪክ ጋ ደግሞ ድግግሞሹ በበዛ ቁጥር ዕቃ ከቦታው የሚንቀሳቀስበት ዕድልም ይበዛል። «ፍጹም ሰው ስለሆነ» የተባለው ምክንያት ስሕተቱን የሚያበዛው ነው።

ከዚያ ፊልሙ ቅንብር ክፍል ይገባል። አንዱ ቀረጻ ላይ ወንበሩ አለ፣ ተዋናዩ ግን ቀዝቅዟል፤ ሌላው ላይ ወንበሩ የለም፣ ተዋናዩ ግን የሚያስደነግጥ ነው። የትኛውም አቀናባሪ ሁለተኛውን ይመርጣል፤ የተመልካች ዐይን የሚያርፈው ፊት ላይ እንጂ ወንበር ላይ አይደለም። ወንበሩ የሚታየው ፊልሙ ቆሞ ወደኋላ ሲመለስ ነው፤ በ1980 ሲኒማ ቤት የገባ ሰው ደግሞ ማቆሚያ አልነበረውም። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ በሕንፃው መካከል ስለሆነ «ሊኖር የማይችል መስኮት» አለው የሚባለውም እንዲሁ ነው። የሆቴሉ ውስጥ በእንግሊዝ አገር ኤልስትሪ ስቱዲዮ የተገነባ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ለካሜራና ለብርሃን እንዲመች ተሠራ እንጂ እንደ እውነተኛ ሕንፃ ከጎረቤቱ እንዲገጥም አልተሠራም። የጽሕፈት መኪናውን በተመለከተ የኩብሪክ ረዳት የነበረው ሊዮን ቪታሊ በ2013 ለኒው ዮርክ ታይምስ ሲናገር የኩብሪክ የራሱ መኪና እንደነበረ ገልጿል፤ ከትርጓሜዎቹም ብዙዎቹ መሠረት የሌላቸው መሆናቸውን ተናግሯል።

ሁለት ፊልሞች በእውነት የሚገናኙበትም ጊዜ አለ። «ብሌድ ራነር» በ1982 ሲኒማ ሲገባ መጨረሻው ላይ ያለው የተራራ ምስል ከ«ዘ ሻይኒንግ» መክፈቻ የተረፈ የሄሊኮፕተር ቀረጻ ነበር። የ«ብሌድ ራነር» ዳይሬክተር ሪድሊ ስኮት የመልክዓ ምድር ምስል ስለቸገረው ከኩብሪክ ወሰደ። ይህን ሳያውቅ ተመሳሳይነቱን ብቻ ያየ ሰው ትልቅ ምስጢር ያገኘ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ከሁሉ የሚዘነጋው የሚታየው ቅጂ ጉዳይ ነው። «ዘ ሻይኒንግ» ብቻውን 144 ደቂቃ የሆነ የአሜሪካ ቅጂና 119 ደቂቃ ገደማ የሆነ የአውሮፓ ቅጂ አለው፤ ያሳጠረው ኩብሪክ ራሱ ነው። ለቪዲዮ የወጣው የድሮ ቅጂ ሲኒማ ቤት ተሸፍኖ የነበረውን የምስሉን የላይና የታች ክፍል ስለሚያሳይ፣ መክፈቻው ላይ የሄሊኮፕተሩ ጥላ ይታያል። በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የተቀረጸ ፊልም በአውሮፓ የቴሌቪዥን ሥርዓት በ25 ሲታይ ደግሞ በ4 በመቶ ይፈጥናል፤ 144 ደቂቃው ወደ 138 ይወርዳል። «በትክክል በ42ኛው ደቂቃ ላይ» የሚል ግኝት በሌላው ቅጂ 42ኛው ደቂቃ ላይ የለም ማለት ነው።

የእኛ አገር ተመልካች ተጨማሪ ችግር አለበት። ብዙ ፊልም የሚታየው በትርጉም ፊልም ወይም በተቆራረጠ ቅንጫቢ ነው። የቅጂ መብት መቆጣጠሪያውን ለማለፍ ሲባል ምስሉ በመስተዋት እንደታየ ይገለበጣል፣ ጠርዙ ይቆረጣል፣ ፍጥነቱ ይለወጣል። «በግራ እጁ ምልክት ሰጠ» የተባለው ተዋናይ በዋናው ፊልም ቀኝ እጁን ነው ያነሣው። ለማረጋገጥ ከኋላ ያለ ጽሑፍ፣ የመኪና ታርጋ ወይም የሱቅ ስም ይታይ፤ ፊደሉ ከተገለበጠ ምስሉም ተገልብጧል።

ደብዛዛ ቅጂ ስንት ተረት እንደወለደ ሁለት ምሳሌ ይበቃል። በ1939ኙ «ዘ ዊዛርድ ኦቭ ኦዝ» ጫካ ውስጥ ራሱን የሰቀለ ተዋናይ ይታያል ተብሎ ለዓመታት ተወርቷል፤ ጥራቱ በታደሰው ቅጂ ሲታይ ጫካው ሕይወት እንዲኖረው ከገቡት ትልልቅ ወፎች አንዱ ነው። በ1987ቱ «ስሪ ሜን ኤንድ ኤ ቤቢ» መስኮት ጥግ የቆመው ልጅ እዚያ ቤት የሞተ ሕፃን መንፈስ ነው ተባለ። የተዋናዩ የቴድ ዳንሰን ምስል ያለበት ካርቶን ነበር፤ «ቤቱ»ም በቶሮንቶ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ስለሆነ የኖረበትም የሞተበትም ሰው የለም።

ታዲያ አንድ ግኝት እንዴት ይመረመራል? በመጀመሪያ ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፤ ከየትኛው ቅጂ፣ በስንተኛው ሰዓት፣ ደቂቃና ሰከንድ እንደሆነ ጨምሩ። ይህን መጻፍ ካቃተ ግኝት ገና የለም። ቀጥሎ ሙሉውን ፊልም ጥራት ባለው ቅጂ ክፈቱ፤ በኮምፒዩተር ላይ በቪኤልሲ ማጫወቻ የእንግሊዝኛዋን «ኢ» ቁልፍ ስትጫኑ ፊልሙ አንድ አንድ ፍሬም ይራመዳል። ከተጠቆመው ቦታ ሁለት ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ጀምሩና ካሜራው የተቀየረበትን ቁጠሩ። ዕቃው የጠፋው ካሜራው በተቀየረበት ቅጽበት ከሆነ የኮንቲኒዩቲ ስሕተት መሆኑ አይቀርም። ከዚያ ሥራውን ጠይቁ፦ ዕቃው ከየት መጣ፣ ቦታው እውነተኛ ነው ወይስ የተገነባ?

የመጨረሻው ፈተና ብዙዎች የሚዘሉት ነው። የፍለጋውን ደንብ ወረቀት ላይ ጻፉና በዚያው ደንብ ምስጢር የለውም የምትሉትን ሌላ ፊልም ፈልጉበት፤ የሠርግ ኮሜዲ ሊሆን ይችላል። 144 ደቂቃ ፊልም 207,360 ፍሬም አለው። በዚህ ሁሉ ምስል ውስጥ ሦስት ማዕዘን፣ አንድ ዐይን ወይም የተፈለገ ቁጥር ቢገኝ አይገርምም። ኮሜዲውም ያንኑ ያህል «ምልክት» ከሰጠ፣ ያገኛችሁት የራሳችሁን ደንብ ነው።

እውነተኛ ድብቅ ነገር የለም አንልም። የፒክሳር ፊልሞች ውስጥ ተደጋግሞ የሚታየው «ኤ113» በካሊፎርኒያ የሥነ ጥበብ ተቋም ብዙዎቹ ሠሪዎች የተማሩበት ክፍል ቁጥር ነው፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው ተናግረዋል፣ ከፊልም ወደ ፊልምም ቅርጹን ሳይለውጥ ይመጣል። «ዘ ሻይኒንግ» ውስጥም ሕፃኑ በር ላይ የሚጽፈው ትርጉም የለሽ ቃል አለ፤ እናቱ በመስተዋት ስታየው «ግድያ» የሚል ይሆናል። ምስጢሩን የፈታው ፊልሙ ነው። ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ወርቅ አገኘሁ ያለ ተማሪ ኅብሩን፣ ሁለቱን ፍቺ የተሸከመውን ቃል፣ ለይቶ ያሳያል፤ ያልያዘለትን መምህሩ ይመልሰዋል። ስውር መልእክት የሚፈልጉት ቡድኖች የጎደላቸው ያ መላሽ ነው። አዲስ ምልክት ያመጣ ይወደሳል፤ «ይህ እንኳ አይመስለኝም» ያለ «ገና አልነቃህም» ይባላል፤ ሠሪው ቢያስተባብል ማስተባበሉ ራሱ ማስረጃ ይሆናል። ዊልያም ካሬል በ2002 «ኦፔራስዮን ሉን» የሚል የጨረቃ ጉዞው በኩብሪክ ተቀረጸ የሚል የፈጠራ ዘጋቢ ፊልም ሠርቶ፣ ፈጠራ መሆኑንም መጨረሻው ላይ አሳይቷል። መጨረሻው ተቆርጦ ቀሪው እንደ እውነት ዞሯል።

ልጃቸው ወይም ወንድማቸው እዚህ ውስጥ ለገባባቸው ቤተሰቦች የምንለው አትሳቁበት ነው። የተሳቀበት ሰው ወደማይስቁበት ቡድን ይመለሳል። አብራችሁ ሙሉውን ፊልም እዩ፣ ደቂቃውን ጠይቁት። በዩቲዩብ ከቪዲዮው ጎን ካሉት ሦስት ነጥቦች ገብታችሁ ቻናሉ እንዳይቀርብ ማዘዝ ይቻላል፤ የዕይታ ታሪኩን ማጥፋትና ቪዲዮ በራሱ እንዳይቀጥል መዝጋትም ይረዳል፣ የሚመጣውን የሚመርጠው ትናንት የታየው ነውና። ወሬው ከፊልሙ ወጥቶ በሕይወት ያለ ዘፋኝ ወይም ጎረቤት «የስውሩ ማኅበር ሰው ነው» ወደ ማለት ከተሻገረ ሰው ሊጎዳ ይችላል፣ በቸልታ አትለፉት። እንቅልፍ አጥቶ መልእክቱ «ለእኔ ለብቻዬ የተላከ ነው» የሚል ካለ ደግሞ ሐኪም ሳይዘገይ ይየው።

ከጋዜጣችሁ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። የመዝናኛ ገጻችሁ «የፊልሙ ስውር መልእክት» የሚል ጽሑፍ ሲያትም የታየው ቅጂ የትኛው እንደሆነና ደቂቃው ይጻፍበት። ከጎኑም ፊልም እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ትንሽ ዓምድ ቢኖር ያለ ክፍያ እንጽፋለን። የመጀመሪያው ርዕስ ኮንቲኒዩቲ ይሁን፤ ጽሑፉ ከሁለት የቀረጻ ፎቶዎች ጋር ተዘጋጅቷል፣ በአንዱ ላይ ወንበሩ አለ፣ በሌላው ላይ የለም።

ከአክብሮት ጋር
የፊልም ቅንብር ባለሙያዎች
አዲስ አበባ