ለእማዬ፣ ስለ ዓይንሽ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለዓይንሽ ሕክምና ብዬ የላክሁት ብር ለሚጣ ሠርግ ድንኳንና በሬ መዋሉን ከራሷ አፍ ሰማሁ። ዝም ያልኩት ለዚህ ነው እንጂ ረስቼሽ አይደለም። የሠርጉን ለብቻው እልካለሁ ብዬሽ ነበር እኮ፣ እማ!

«እህቱን እንዳይድር የሚከለክለው ምን ዓይነት ሥራ ነው?» ብለሻል አሉ። እዚህ ሃምቡርግ፣ ዴዚ በሚባለው የምርምር ተቋም፣ ፔትራ የሚሉት፣ ኤሌክትሮን የሚዞርበት ቀለበት አለ። ዙሪያው 2304 ሜትር ነው፤ ከአራት ኪሎ ጊዮርጊስ ተሳልመሽ የምትመለሺውን ያህል ይመስለኛል። ኤሌክትሮኖቹ ሲታጠፉ ኤክስሬይ ይወጣቸዋል፣ ተመራማሪዎች በሱ ፕሮቲን ሳይቀር ያጠናሉ። የኤሌክትሮኖቹ ጨረር ካልቀጠነ ግን ኤክስሬዩ አይጠራም፤ ስለዚህ ውፍረቱ ይለካል። ከላይ እስከ ታች ሲለካ ከፀጉር ይቀጥናል። ቀጭን ሽቦ አሳልፎ መለካት ይቻላል፤ ሽቦው ግን ጨረሩን ይበትነዋል፣ ራሱም ሊቃጠል ይችላል። እኔ የምደክመው በሽቦው ቦታ ሌዘር ለማስገባት ነው። ሌዘሩ ጨረሩን አቋርጦ ሲያልፍ ከብርሃኑ ጋር የሚጋጩት ኤሌክትሮኖች እጅግ ጥቂት ናቸው። የተገጨው ብርሃን ጋማ የሚሉት ብርቱ ብርሃን ሆኖ ወደ ፊት ይፈናጠራል፣ እሱን እንቆጥራለን። ሌዘሩን ጥቂት በጥቂት ስናንቀሳቅሰው ቁጥሩ መሃል ላይ ይበዛል፣ ዳር ዳሩ ላይ ይሳሳል፤ የሌዘሩን የራሱን ውፍረት አስልተን ስናወጣ የጨረሩ ይቀራል። ጨረሩ ምንም እንዳልሆነ መዞሩን ይቀጥላል። ለዚህ ሙከራ የተሰጠን ሳምንት ከሠርጉ፣ ከዳግም ትንሣኤ ጋር ገጠመ። ለምኜ ነበር፣ አልተቀየረም። ሚጣን ከቤት ስትወጣ አለማየቴ አንጀቴን ይበላዋል፤ አጎቴ በኔ ቦታ ይቁምላት።

ብርዱ ብዙም አይደለም፣ አታስቢ። ከሌሊት ተራ ስወጣ ግን የጊዮርጊስ ቅዳሴ ጆሮዬ ላይ ይመጣል። ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ በቪዲዮ ሳየው የቱ ጋ ኳስ እንደተጫወትን ጠፋብኝ፣ አለቀስኩ።

የሚያስፈራሽ ሐኪሙ ዓይንሽን መንካቱ እንደሆነ ሚጣ ነግራኛለች። እኔም ሳይነኩ መለኪያ ስፈልግ የምኖር ሰው ነኝና ፍርሃትሽ ይገባኛል። የዓይን ሞራ ግን ሳይነካ አይለቅም። የደፈረሰውን ሌንስ አውጥተው ሰው ሠራሽ ይተኩበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑን ብቻ አደንዝዘው ስለሚሠሩት በዚያው ቀን ቤትሽ ትገቢያለሽ።

አሁን የላክሁት በሚጣ ስም ነው፣ ሳንቲሙም ለሠርግ እንዳይነካ። ምኒልክ ሆስፒታል ቀጠሮ ታስይዝልሽ፤ ቀኑን እንዳወቃችሁ በቴሌግራም ጻፉልኝ። ያን ቀን ተራዬን አስቀይሬ ስልኩን ይዤ እቀመጣለሁ።

ልጅሽ